ለአምስት ጾመኛ የተጠቀለለ ምሳ

«አንቺን እንግዳ አስይዤ ተራራ ከምልክ በቅሎዋን ብልክ ይሻለኛል። እሷ ቢያንስ አትመልስም።»

ይህን ያሉኝ ጋሼ ናቸው፣ ላሊበላ የምሠራበት ማረፊያ ቤት ባለቤት። እንግዶች ቁርስ እየበሉ፣ ፊት ለፊት ነው ያሉኝ። እኔም «በቅሎዋ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ከእህትዎ ልጅ ሳትሻል አትቀርም» ብዬ መለስኩ። ጋሼ ወደ እንግዶቹ ዞረው «አያችሁ?» አሏቸው። እንግዶቹ ሳቁ።

እዚያ ቤት ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቤ የትም አላስገባኝ ሲል ነው የተቀጠርኩት። ሥራዬ መሸከፍ ነው። ወደ አሸተን ማርያምም ሆነ ከዚያ ወዲያ ወዳለው ተራራ ለአንድ ቀን የሚሄድ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ይመጣል። እኔ ጠረጴዛ ላይ እዘረግፈዋለሁ፤ የማይረባውን አስቀራለሁ፤ የጎደለውን ከመደርደሪያው አወርዳለሁ፤ ስንቁን ጠቅልዬ እከታለሁ። በማግስቱ ጠዋት መንገድ መሪው ይዟቸው ይወጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ።

የምፈልገው መምራቱን ነበር። የእናቴ ዘመዶች የሚኖሩት ከአሸተን በላይ ነው፤ ያንን አቀበት ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ወጥቼዋለሁ። ጋሼ ግን የእህታቸውን ልጅ ከኩልመስክ አስመጡና መንገድ መሪ አደረጉት። እዚያ ስልክ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አሸተንን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ከእኔ ጋር ነው፤ መንገዱን ላሳየው ተልኬ። ሦስት ቦታ ተቀመጠ። በማግስቱ ኮፍያ ሰጡትና «መሪ» ሆነ።

ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጋሼ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄደው ያመጡት ዝርዝር ተለጥፏል፤ እንዳይበላሽ ላስቲክ አልብሰውታል። ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው ይላል። ፊሽካ፣ ኮምፓስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የበረዶ መነጽር። የበረዶ መነጽር! ከየትኛው አገር እንደተገለበጠ አላውቅም፤ የገለበጠው ሰው ግን ላስታን በፎቶም አላየም። ኮምፓሱስ ምን ያደርጋል? ከተማው ታች ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ነው። የጠፋበት ሰው ቁልቁል መሄድ ነው።

ስለ ጫማ ደግሞ «ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ በክር የሚታሰር» ይላል። ድንጋይ ብቻ ለሚረግጥ ሰው ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን አቀበቱ ጫፍ ላይ የሚጠብቅህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጫማ ይወልቃል። አንዱ እስከ ቅልጥሙ የሚታሰር ቡትስ ተጫምቶ መጥቶ፣ አባ ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁት፣ ክሩን ሲፈታ የቆየውን ያህል ውስጥ አልቆየም። ሲወጣ ደግሞ መልሶ ማሰር አለ። እኔ የምመርጠው ሶሉ መሬት የሚይዝ፣ አንዴ ተስቦ የሚወልቅ ጫማ ነው። ካልሲው ወፍራም ይሁን፣ የሱሪው ጫፍም ካልሲው ውስጥ ይግባ፤ ምክንያቱም ምንጣፉ ቁንጫ አለው። «ይህን ለእንግዳ አትናገሪ» ተብያለሁ። እናገራለሁ። ቁንጫዋ ራሷ ከምትነግራቸው እኔ ብነግራቸው ይሻላል።

ልብስ ላይም እንደዚሁ ነው። ዝርዝሩ ሰው በአንድ ጃኬት የሚውል ይመስለዋል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጥርስ ያንገጫግጫል፤ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለዚህ ስስ ስስ ልብስ ይደረባል፣ አንድ በአንድ ይወልቃል። ሴት በሱሪ ትወጣለች፣ በሱሪ ግን አትገባም፤ ከላይ የሚጠለቅ ሰፊ ቀሚስ ያስፈልጋታል። ነጠላ ደግሞ ለሁሉም። ብርዱንም ፀሐዩንም አቧራውንም ትችላለች፣ ታጥፋም መዳፍ አታህልም። ዝርዝሩ ላይ ነጠላ የለም። ጋሼን «ነጠላ ይጨመር» ብላቸው «እሱማ የሚታወቅ ነገር ነው» አሉኝ። የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ በየሳምንቱ ለሰው ነጠላ አላከራይም ነበር።

እንግዲህ በገና ጾም መሀል፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ አምስት ሰዎች መጡ። ሁሉም የአንድ መሥሪያ ቤት ናቸው። ሰብሳቢያቸው ጠና ያለች ሴት ናት፤ አንድ መነጽር ያደረገ ወንድ አለ፤ ባልና ሚስት አሉ፤ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። የምዝገባ ቅጹ ላይ ስለ ምግብ ለሚጠይቀው አምስቱም «ጾመኛ» ብለው ሞልተዋል። ሰብሳቢዋ ከዚያም በላይ በቃሏ ደገመችልኝ።

«ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነን፣ እሺ? ተራራው ላይም ቢሆን። የመጣነው ለሽርሽር ብቻ አይደለም።»

ቦርሳቸውን ዘረገፍኩ። የመጀመሪያው የባለ መነጽሩ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስፒከር።»

«ላይ ገዳም እኮ ነው ያለው።»

«ቀስ አድርገን ነው የምንከፍተው።»

«ካልተሰማችሁ ለምን ትሸከሙታላችሁ?»

የጋሼ የእህት ልጅ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ተያቸው እንጂ አቦ! እንግዳ ናቸው» አለኝ።

ባልየው ሁለት የብረት ምርኩዝ ይዟል፣ ከማሸጊያቸው እንኳን አልወጡም። ሚስቱ ሦስት ቅያሪ ልብስ ከታለች። «ለምን?» ብላት ደነገጠች። «ታዲያ ሁሉም ፎቶ ላይ በአንድ ልብስ ልታይ ነው?» ሰብሳቢዋ ፋርማሲ የሚያህል መድኃኒት፣ ሁለት ትራስ የሚመስል ነገር፣ እንዲሁም በቆዳ ማኅደር ያለ ትልቅ የጸሎት መጽሐፍ ነበራት። ማንበቢያ መነጽሯን ግን አዲስ አበባ ረስታዋለች። ውሃ ማንም አልያዘም። ውሃ መንገድ ላይ የሚሸጥ መስሏቸዋል፣ በየመታጠፊያው ሱቅ ያለ ይመስል።

የዝምተኛዋን ቦርሳ ስዘረግፍ ነጠላ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ ለጠበል። የማወጣው አጣሁ። ትንሽ ተናደድኩ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«እናቴ። ከዓመታት በፊት መጥታ ነበር።» ከዚያ ባዶውን ሃይላንድ መልሳ እየከተተች፣ እናቷ መታመሟን፣ የዘንድሮውን ጾም አንድ ቀን ሳታጎድል ለመጨረስ ለእናቷ መሳሏን ነገረችኝ። «ከዘጠኝ በኋላም ቢሆን ድንች ብቻ ይበቃኛል። ዘይቱን ተጠንቀቂልኝ፣ ቅቤ በነካ መጥበሻ እንዳይሆን።»

«እቀቅለዋለሁ» አልኳት።

ሄዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰብሳቢዋ ብቻዋን ተመለሰች፤ በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው።

«የኔ እናት፣ እኔ ጨጓራ አለብኝ። ሐኪሙ ሆድሽን ባዶ እንዳታውይው ብሎኛል። ዳቦው ውስጥ እንቁላል አድርጊልኝ። ግን ከላይ ድንች ይምሰል።»

«ድንች ይምሰል?»

«ከሥር እንቁላል፣ ከላይ ድንች። ልጆቹ የሚያዩት እኔን ነው።»

ቀጥሎ ባለ መነጽሩ መጣ። «እኔ እንኳን በመርህ አልጾምም» ሲል ጀመረ።

«ታዲያ ቅጹ ላይ ምን ሆነህ ነው ጾመኛ ያልከው?»

«አራት ሰው ጾመኛ ብሎ ከጻፈበት ሥር ምን ብዬ ልጻፍ?»

ባልየው መጣና «ለሚስቴ እንዳትነግሪያት፣ እሷ በጾም ቀልድ አታውቅም» አለ። እሱ በወጣበት በር ሚስቱ ገባች። «ባሌ እንዳይሰማ» አለች። «ከሰማ ሦስት ቀን አያናግረኝም።» አራቱም አንድ ነገር ነው የፈለጉት፦ ከሥር እንቁላል፣ ከላይ ድንች፣ ከሌላው ሰው ምሳ ምንም የማይለይ። አዲስ አበባ ሆነው የማይጾሙትን ጾም ላሊበላ ድረስ ተሸክመውት መጥተው፣ አሁን እኔ እንድሸክፍላቸው ነው።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። «አምስት ጾመኛ ካሉኝ ውስጥ አራቱ እንቁላል አዘዋል» አልኳቸው።

«እንግዳ ያዘዘውን ጠቅልይ። አንቺ የንስሐ አባታቸው ነሽ?»

ቀቀልኩ፣ ፈተፈትኩ፣ ቃሪያ ጨመርኩ፣ አምስት ዳቦ ሰንጥቄ ሞላሁ፣ በፎይል ጠቀለልኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳሰልፋቸው፣ ተራቸውን ባልይዝ ኖሮ እኔ ራሴም መለየት አልችልም ነበር። ስለዚህ በአራቱ ላይ ጥቁር ክር፣ በዝምተኛዋ ላይ ነጭ ክር አሰርኩና በየቦርሳቸው ከተትኩ።

ያኔ ነው ጋሼ ወደ ዕቃ ቤቱ የመጡት። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ሳል ሳል አሉ። የሆነ ነገር ሲፈልጉ እንደዚያ ነው።

«ሰብሳቢዋ ሴት አብራን ትውጣ ብላለች። ነገ ትወጫለሽ። አትመሪም፤ ይዘሽ ትከተያለሽ። አፍሽን ዘግተሽ ከዋልሽ፣ እንግዳም ሳይከፋው ከተመለሰ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጡትን አንቺ ትወስጃቸዋለሽ።»

«እርስዎ ነዎት የሚሉት?»

«እኔ ነኝ። የአንድ ቀን ዝምታ ነው የጠየቅኩሽ። ያቅትሻል?»

«አያቅተኝም» አልኩ።

ጠዋት በር ላይ ስደርስ ቦርሳዎቹ ሁሉ ተከፍተዋል። የእህት ልጅ የእያንዳንዱን ዕቃ ድንጋዩ ላይ ደርድሮ ፎቶ እያነሳ ነው፤ ለማረፊያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ። ምርኩዙን ከስፒከሩ ጎን አጋድሞታል። አምስቱ የፎይል ጥቅልሎች መሀል ላይ እንደ ብር ጡብ ተደርድረዋል። ክራቸው መሬት ላይ ነው።

«ክሩስ?»

«በጠስኩት። ፎቶ ላይ የጠንቋይ ቤት አስመሰለው።»

«እሱ እኮ...»

«ጀመረች!» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ጋሼ! ገና ከበር ሳንወጣ ጀመረች!»

ጋሼ በረንዳው ላይ ሆነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። የእህት ልጅ ጥቅልሎቹን ለሁሉም አንዳንድ አድርጎ ያገኘው ቦርሳ ውስጥ ወረወራቸው። እኔ ቆሜ አየሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቀድሜ ከፍቼ እለየዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቅዳሜዬን አሰብኩና ዝም አልኩ።

አወጣጣችን የሚያስቅ ነበር። ባልየው በብረት ምርኩዞቹ መሬቱን ሳይሆን ዝንብ ነው የመታው። ባለ መነጽሩ ስፒከሩን ሳይተው አምጥቶታል፤ ከፍቶት ከአንድ በቅሎ ነጂ ቁጣ ሲመጣበት ዘጋው። ሚስትየው ሁለተኛ ልብሷን ቋጥኝ ጀርባ ቀየረች። ሰብሳቢዋ በየመቶ እርምጃው ትቆምና «እንዴት ያለ በረከት ነው!» ትላለች፤ ትንፋሿን ለመሰብሰብ መሆኑን በቅሎዋም ታውቃለች። የጸሎት መጽሐፏን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የእህት ልጅ ከፊት ሆኖ ሁለት ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ገባ። ሁለቱንም ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ምንም ሳልል በትክክለኛው መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሁለተኛው ላይ «ዝም ስትይ ከምትናገሪው ትብሻለሽ» አለኝ። ዝምተኛዋ ልጅ ብቻ ከኋላዬ ዝግ ብላ፣ ሳትቆም ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብተን ወጣን። ከዚያ ጫፍ ጫፉን ሄደን፣ ታች ያለውን አገር አይተን፣ ተመልሰን ግቢው አጠገብ ጽድ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። አራቱ ከረሃብ የተነሳ ፊታቸው ተለዋውጧል። ቀኑን ሙሉ ምግቡን ጀርባቸው ላይ ተሸክመው፣ አንዱ ሌላውን እየፈራ አንድም ሰው አልቀመሰም። ልክ ወደ ቦርሳዎቹ ስጠጋ አባ ከበሩ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ነይ፣ ይሄን ጆግ ያዥልኝ። ለእንግዶቹ ጠበል ልስጣቸው።»

አባን እምቢ አይባልም። ጆጉን ይዤ፣ ዝምተኛዋ የሰጠችኝን ባዶ ሃይላንድ ሞልቼ ስመለስ መብላት ጀምረዋል።

መጀመሪያ ያየሁት ሰብሳቢዋን ነው። አንዴ ጎርሳ መብላቱን ትታለች። ዳቦውን ከፈት አድርጋ ወደ ውስጥ አየች፤ ድንች ብቻ ነው። በጣቷ ከሥር ፈለገች። ድንች። ቀና ብላ በዓይኗ ወጋችኝ። ያኔ ገባኝና ወደ ዝምተኛዋ ዞርኩ። ሁለተኛ ጉርሻዋ ላይ ነበረች።

ማኘኳን አቆመች። ዳቦውን ከአፏ አራቀችና አየችው። ቢጫው ከሥር ወጥቷል። በሶፍት አፏን ሸፍና ተፋችው፣ ሶፍቱን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«እንቁላል ነው» አለች።

ባልየው ፎይሉን ዘጋ። ሚስቱም ዘጋች። ባለ መነጽሩ የእሱን ከጭኑ ሥር ከተተው። ሰብሳቢዋ ግን ድንቿን እንደያዘች ተነሳች።

«አንቺ ልጅ! ለጾመኛ እንቁላል? እዚህ ቦታ? ስለቷን እያወቅሽ? እግዚአብሔርን አትፈሪም?»

«ምንድን ነው ልጆቼ?» አሉ አባ ከወዲያ።

«ምንም አይደል አባ፣ ሠራተኛዋ ተሳስታ ነው።»

የእህት ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ተሳሳትኩ በያት። አንድ ቃል ናት። ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ፣ አለቀ።»

«ክሩን የበጠስከው አንተ ነህ።»

«እሱን ማን ያውቃል? ይልቅ ቅዳሜሽን አስቢ። ለጋሼ ቀኑን ሙሉ አፏን ዘግታ ዋለች ብዬ እነግርልሻለሁ። በእናቴ።»

ከልቡ ነበር፣ ይህን አልክድም። ወደ ዝምተኛዋ ሄድኩ። ሌሎቹ ሁሉ አፌን እያዩ ነው። እሷ ግን ዓይኔን ነው ያየችው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ላንቺ የጠቀለልኩት እሳቸው እጅ ላይ ያለውን ነው። ምልክት አስሬበት ነበር፣ ጠዋት ተበጠሰ። ሲበጠስ አይቼ ዝም አልኩ።»

«የእሳቸው? እሳቸው እንቁላል አዘው ነበር?»

«አዘዋል።»

«ውሸት!» አለች ሰብሳቢዋ። ድንቹ ከዳቦው ወደቀባት።

«ከሥር እንቁላል፣ ከላይ ድንች ብለውኛል። እሱም እንደዚሁ። እሱም። እሷም።» አንድ በአንድ በጣቴ አሳየኋት።

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺም?»

«አንተም?» አለች እሷ።

ባለ መነጽሩ «እኔ በመርህ ነው...» ብሎ ጀምሮ ተወው። ዝምተኛዋ ልጅ ዳቦውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ማንንም አላየችም። በጠበል የሞላሁላትን ሃይላንድ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ቅዳሜሽን በላሽው» አለኝ የእህት ልጅ።

ጆጉን ለአባ አስረከብኩ። ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ብቻሽን ልትወርጂ ነው?»

«አዎ» አልኩና ቁልቁለቱን ያዝኩት።